ኪቦርዱ ቀድቷል፤ የእህቴ ድምፅ ግን የለም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። እኔና ታናሽ እህቴ ጅማ ነው ያለነው። ለወንድማችን ሰርግ አራት ዘፈን እያዘጋጀን ነው። እኔ ያማሃ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ እሷ ትዘፍናለች። ማይኩን እዚያው ኪቦርዱ ላይ ነው የሰካነው፤ ድምጿ በስፒከሩ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሪከርድ ተጭነን ቀዳን፣ ፍላሽ ላይ አስቀመጥን። መልሰን ስናጫውተው የኔ ጨዋታ አለ፣ የእሷ ድምፅ ግን የለም። አንዱን ዘፈን ስልኬ ላይ ስከፍተው ደግሞ ክራሩ ሌላ መሣሪያ ሆኖ ቁጭ አለ። አራቱ ዘፈን ተደምሮ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። አንድ ጠጋኝ ‹ቦርዱ ተበላሽቷል፣ ይከፈት› አለኝ። ልስጠው?»

አትስጪው እህቴ። ኪቦርድሽ ደህና ነው። አራቱ ዘፈኖችም አልጠፉም። እንዲያውም ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል።

መልሱ እዚያው ጥያቄሽ ውስጥ አለ። «አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም» ብለሻል። ድምፅ እንዲህ ትንሽ ቦታ አይዝም። ፍላሹ ላይ ያለው ድምፅ ሳይሆን ሚዲ ነው ማለት ነው። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ክፈቺና ከስሙ ቀጥሎ፣ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ሦስት ፊደላት እዪ። ኤም፣ አይ፣ ዲ ከሆኑ ሚዲ ነው። ደብሊው፣ ኤ፣ ቪ ከሆኑ ዌቭ ነው፣ ድምፅ ማለት ነው። ኪቦርድሽ ሁለቱንም መቅዳት የሚችል ከሆነ ሁለት የተለያየ አቀዳድ አለው። አንቺ አንደኛውን ተጫንሽ፣ የፈለግሽው ግን ሁለተኛውን ነበር።

ልዩነቱን አንዴ ከያዝሽው ሌላው ሁሉ ይቀልልሻልና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የቅዱስ ያሬድ ዜማ የተጻፈበት ብራና አይተሽ ታውቂ ይሆናል። ከፊደሉ በላይ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክ የሚባሉ ትንንሽ ምልክቶች አሉ። ምልክቶቹ የት ከፍ፣ የት ዝቅ፣ የት ሳብ እንደሚደረግ ይናገራሉ። ብራናውን ጆሮሽ ላይ ብታስጠጊው ግን ምንም አይሰማም። ድምፁ ያለው በመሪጌታው ጉሮሮ ነው። ሚዲም እንደዚያ ነው። ከ1983 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) የኪቦርድ አምራቾች የተስማሙበት የጽሑፍ ቋንቋ ነው። የትኛውን ቁልፍ ነካሽ፣ ምን ያህል አጥብቀሽ መታሽ፣ መቼ ለቀቅሽ፣ በየትኛው መሣሪያ ድምፅ ነበር የምትጫወቺው፣ ይኼንና ይኼን የመሰለውን ብቻ በቁጥር ይጽፋል። ለምሳሌ ከኪቦርዱ መሀል ያለችው ዶ ቁጥሯ 60 ነው። የአመታትሽ ጥንካሬ ከ1 እስከ 127 ይጻፋል። አለቀ። አንድ ሙሉ ዘፈን በኪሎባይት የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

የእህትሽ ድምፅ ደግሞ ቁልፍ አይደለም። ሚዲ የሰው ድምፅ የሚጽፍበት ፊደል የለውም። በማይኩ ገባ፣ በስፒከሩ ወጣ፣ ሄደ። ስትቀዱ በጆሯችሁ ስለሰማችሁት የተቀዳ መሰላችሁ። በዚህ ያልተሸወደ ኪቦርዲስት አላውቅም።

የክራሩም ነገር ያው ነው። ሚዲው ስልክሽ ላይ ሲከፈት የሚያነበው ስልክሽ ነው። ስልክሽ ደግሞ የራሱ ጉሮሮ ነው ያለው። እሱ የሚያውቀው በ1991 የወጣውን የ128 መሣሪያዎች መደበኛ ዝርዝር ነው፤ እዚያ ውስጥ ክራር የለም፣ ማሲንቆም የለም። ስለዚህ በቁጥር የገጠመውን፣ ጊታርም ይሁን ፒያኖ፣ አንስቶ ይጫወትልሻል። ከፈለግሽ አሁኑኑ ሞክሪው። ያንኑ ፍላሽ ኪቦርድሽ ላይ ሰክተሽ ያንኑ ዘፈን አጫውቺ። ክራሩ ተመልሶ ይመጣል። ከመጣ ቦርዱ አልተበላሸም። ጠጋኙም ምናልባት ሚዲ ገጥሞት ስለማያውቅ ይሆናል፤ ብቻ ደህና ኪቦርድ አይከፈት። ከተከፈተ በኋላ ያቺ ቀጭን የገመድ ሪባን በትክክል ካልተመለሰች የማይሠራ ቁልፍ ይዘሽ ነው የምትመለሺው።

አሁን ወደ ሥራው።

ሚዲዎቹን እንዳታጠፊያቸው። የምመክርሽ በሁለት ደረጃ እንድትሠሪ ነው፤ እኔም ሁሌ የምሠራው እንደዚያ ነው። መጀመሪያ አጃቢውን በሚዲ፣ ቀጥሎ ሁሉንም በአንድ ላይ በድምፅ።

ለምን መጀመሪያ በሚዲ? ስለሚታረም ነው። ፍጥነቱ ከበዛ ትቀንሺዋለሽ፤ ቃናው አብሮ አይወርድም። የእህትሽ ጉሮሮ ያን ቀን ከከበደ በትራንስፖዝ ሁለት ደረጃ ታወርጂላታለሽ፣ አንድም ቁልፍ እንደገና ሳትነኪ። ክራሩ ከጮኸ ትቀንሺዋለሽ። በድምፅ ከተቀዳ በኋላ ግን ይኼ ሁሉ እንዲህ በቀላሉ አይሆንም። ድምፅ እንደ ተቀቀለ ሽሮ ነው፤ ጨው ከበዛበት ጨውን ብቻ ለይተሽ አታወጪም። አንቺ አራቱን ዘፈን በሚዲ ስለቀዳሽ ይኼኛው ደረጃ አልቆልሻል።

ሁለተኛው ደረጃ እንዲህ ነው። ባዶ ወይም ቦታ ያለው ፍላሽ ሰኪ። ኪቦርዱን በድምፅ ወደ መቅዳት አዙሪው። አዝራሩ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ስክሪኑ ላይ «ኦዲዮ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጊ። «ሶንግ» ወይም «ሚዲ» የሚል ላይ ከሆንሽ ገና አልደረስሽም። ከዚያ ሪከርድ ታስጀምሪያለሽ፣ የቀዳሽውን ሚዲ ታጫውቺያለሽ፣ እህትሽ በማይኩ ትዘፍናለች። ኪቦርዱ አሁን የሚጽፈው ምልክት ሳይሆን የሚሰማውን ድምፅ ራሱን ነው። ክራሩም፣ ከበሮውም፣ እህትሽም በአንድ ላይ ይገባሉ። ሞዴልሽ ሚዲ እያጫወተ በድምፅ መቅዳት እምቢ ካለ ግን አትጨነቂ፤ ያኔ በስታይሉ (ኪቦርዱ ራሱ በሚመታው አጃቢ) ላይ አንቺው በቀጥታ ተጫወቺ፣ እሷ ትዝፈን፣ በአንድ ላይ ይቀዳል።

መጀመሪያ ግን 10 ሰከንድ ብቻ ቅጂና አዳምጪ። ሙሉ ዘፈን ቀድቶ ባዶ ፋይል ከማግኘት ይሻላል።

የድምፅ ልክ ላይ ልብ በይ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኪቦርዱ ውስጥ ድምፅ የሚጻፍበት ጣሪያ አለው። ከጣሪያው ያለፈው ይቆረጣል፣ የተቆረጠውም እንደ ተቀደደ ስፒከር ይንጫረራል። በኋላ ብትቀንሺውም አይድንም። እናም የማይኩን መጠን ስታስተካክሉ እህትሽ ለስላሳውን ስንኝ እንዳትዘፍን። እልል ትበል። የሰርግ ዘፈን አይደል? እልልታ በዘፈኑ ውስጥ ካለ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። በእልልታው ያልተንጫረረ መጠን ለሌላው ሁሉ ይሆናል። ስትዘፍን ማይኩ ከአፏ አራት ጣት ያህል ይራቅ፣ እልል ስትል ደግሞ ክንዷን ዘርጋ ታድርግ። ይህችን ከተለማመደች ግማሹን የስቱዲዮ ሥራ ሠራች ማለት ነው። ማይኩም ተራው፣ ዳይናሚክ የሚባለው፣ መድረክ ላይ በእጅ የሚያዘው ይሁን። ስቱዲዮ ያለው ኮንደንሰር ማይክ ከውጭ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ የቤት ኪቦርድ ደግሞ ያንን አይሰጥም።

በድምፁና በአጃቢው መሀል ያለውን ሚዛንም ከመቅዳትሽ በፊት ጨርሺው። ለጆሮሽ ድምጿ ትንሽ ጎላ ያለ ይምሰልሽ። ሰርግ ቤት ትልቁ ስፒከር ላይ ሲሄድ ከበሮው ይወፍርና የሰው ድምፅ ይዋጣል።

ስፒከሩ ማይኩን እየሰማ «ኡኡኡ» የሚል ከሆነ ሄድፎን ሰኪ። ሄድፎን ሲሰካ ስፒከሩ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሁለታችሁም እንድትሰሙ ባለ ሁለት ቀዳዳ መከፋፈያ ያስፈልጋችኋል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ እዚያው ጅማ፣ ሔርማታ መርካቶ አካባቢ ሞባይል መለዋወጫ የሚሸጡት ጋ ጠይቂ። የኪቦርዱ ቀዳዳ ወፍራሙ፣ 6.3 ሚሊ ሜትር የሚባለው ከሆነ ከ3.5 የሚያሸጋግር ጫፍም ጨምሪ።

እዚህ ላይ ለጅማ ልጅ ብቻ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ክረምቱን ታውቂዋለሽ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲወርድ የቆርቆሮ ጣሪያ ስር ሆኖ እርስ በርስ መነጋገርም አይቻል። ብዙ ልጆች ስልካቸውን ስፒከሩ ፊት አስቀምጠው ይቀዱና ዝናብና የባጃጅ ጥሩምባ ይዘው ይመጡልኛል። በኪቦርዱ ውስጥ ስትቀጂ ግን አጃቢው ከአየር አይደለም የሚገባው፣ ከውስጥ ነው። ክራሩ ላይ አንዲት ጠብታ አትሰማም። ዝናብ የሚገባበት ብቸኛው በር የእህትሽ ማይክ ነው። ስለዚህ አጃቢውን በዝናብም ሥሪው፣ ድምጿን ግን ጠዋት ላይ ቅጂ። ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከጀርባዋ ግድግዳ ላይ ስቀዪ፤ የክፍሉ ማስተጋባት ይቀንሳል።

አሁን ስለ መብራት።

እዚህ ከተማ መብራት ሳይነግር ይሄዳል፤ በድምፅ ስትቀጂ ደግሞ ትልቁ ጠላትሽ እሱ ነው። ምክንያቱን ላስረዳሽ። ዌቭ ፋይል ከፊቱ አንድ አጭር መግቢያ አለው፤ ውስጡ ስንት ድምፅ እንዳለ የሚናገር። ኪቦርዱ ይህንን ቁጥር የሚሞላው ቀረጻውን ስታቆሚ ነው። መሀል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ድምፁ ፍላሹ ላይ ተጽፎ ሳለ መግቢያው ባዶ ይቀራል። ማጫወቻው መግቢያውን ያያል፣ «ባዶ ነው» ይላል፣ አይከፍተውም።

ይኼ በራሴ ደርሷል። አንድ ማታ ከሰርግ ዘፋኞች ጋር 40 ደቂቃ ያህል ቀድተናል። ማቆሚያውን ልጫን እጄን ስዘረጋ ጨለመ። የስልክ መብራት አበራን። ዘፋኟ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ፍላሹን መዳፏ ላይ አገላብጣ ታያለች፣ ማንም አይናገርም። መብራት ሲመጣ ፋይሉ አለ፤ ከ400 ሜጋባይት በላይ ያሳያል፤ አይከፈትም። መጠኑን ሳይ ነው ልቤ የተመለሰው። ይህን ያህል ቦታ ከያዘ ድምፁ አለ ማለት ነው። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ፋይልን እንደ ጥሬ ዳታ የሚያስገባ ምርጫ አለ። እዚያ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ፣ 44,100 ብዬ ሞላሁና ከፈትኩት። መጀመሪያ አንድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ዘፈኑ ተከተለ። ሁሉም ነበር።

አንቺም ቢያጋጥምሽ እንዲሁ አድርጊ። ፋይሉ ዜሮ ባይት የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ፍላሹ ላይ ምንም አትጻፊበት፣ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰጂው። ከሁሉ የሚሻለው ግን አራቱን ዘፈን በአንድ ረጅም ቀረጻ ሳይሆን እያንዳንዱን ለብቻ መቅዳት ነው። እያበራ የሚብለጨለጭ ምልክት ስክሪኑ ላይ እያለ ፍላሹን አትንቀዪ።

ፍላሹን በተመለከተ ብዙም የሚወራ የለም። 16 ወይም 32 ጊጋባይት ይበቃሻል። በዌቭ አንድ ደቂቃ 10.6 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ በሰከንድ 44,100 ጊዜ፣ ለግራና ለቀኝ፣ እያንዳንዱ 2 ባይት ስለሆነ። በዚህ ስሌት 16 ጊጋባይት 25 ሰዓት ገደማ ይይዛል። 64 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ብዙ ጊዜ ኪቦርዶች በማያነቡት ፎርማት ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ፎርማት ካስፈለገ እዚያው ኪቦርዱ ላይ አድርጊው፣ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን አትርሺ።

አሁን ዘፈኑ ተቀድቷል እንበል። ለወንድምሽ ወይም ለዲጄው ስትልኪ የ5 ደቂቃው ዘፈን በዌቭ 53 ሜጋባይት ይሆናል። ፓኬጅ ይበላል። በኮምፒውተር ወደ ኤምፒስሪ፣ በ192 ኪሎቢት ብትቀይሪው ወደ 7 ሜጋባይት ይወርዳል፤ ለሰርግ ስፒከር በቂ ነው። በቴሌግራም ስትልኪ ግን በፋይል ላኪ። ስፒከር ፊት ይዘሽ በድምፅ መልእክት ከላክሽው ቴሌግራም ለንግግር በሚሆን መልኩ ጨምቆ ነው የሚያደርሰው፣ ክራሩ ይደርቃል። ዌቩን ግን አትጣዪው። ከኤምፒስሪ ወደ ዌቭ ብትመልሺው የተጨመቀው አይመለስም።

ሰርጉ ላይ በኪቦርዱ ማጫወት ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ አንቺ በላዩ በእጅሽ እየጨመርሽ ማለቴ ነው፣ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ልጆች ኤምፒስሪ ፍላሽ ላይ ጭነው «ኪቦርዱ አያየውም» ይላሉ። እንደ ፒኤስአር-ኢ473 ያሉት ሞዴሎች የሚያጫውቱት ዌቭ ብቻ ነው፣ እሱም 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ ከሆነ። እንደ ፒኤስአር-ኤስኤክስ700 ያሉት ኤምፒስሪም ይቀበላሉ። ስሙን ብቻ ከኤምፒስሪ ወደ ዌቭ መቀየር ምንም አይሠራም፤ ጠርሙሱ ላይ «ማር» ብሎ መጻፍ ማር አያደርገውም። በትክክል ኮንቨርት መደረግ አለበት። ከቪዲዮ የወጣ ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ 48 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ወደ 44.1 አውርጂው። የፋይሉን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አጠር አድርገሽ ጻፊ፤ የኪቦርዱ ስክሪን አማርኛ አያውቅም።

ሰርጉ ላይ እህትሽ በቀጥታ መዝፈን ከፈለገች ድምጿ የሌለበትን አጃቢ ለብቻው በዌቭ ቅጂላት። እኔ ብሆን ሁለቱንም አዘጋጃለሁ፣ አንዱን በድምጿ፣ አንዱን ያለ ድምጿ። የሰርግ ቀን ጉሮሮ አይታመንም፤ ሌሊቱን ሲዘፍን ያደረ ጉሮሮ ነው።

ኪቦርድሽ ጭራሽ በድምፅ የማይቀዳ ሆኖ ከተገኘ፣ ያኔም መንገድ አለ። የፕሪንተር ዓይነት የዩኤስቢ ገመድ ገዝተሽ ከላፕቶፕ ጋር ታገናኚዋለሽ። ሞዴልሽ እንደ ፒኤስአር-ኢ373 ድምፅን በዩኤስቢ የሚያሳልፍ ከሆነ ድምፁ በዚያ ገመድ ንፁህ ሆኖ ይሄዳል፣ ኦዳሲቲ ላይ ትቀጃለሽ። የእህትሽን ድምፅ በሌላ መስመር ለብቻው ትጨምሪበታለሽ። ከሄድፎን ቀዳዳ ወደ ስልክ በተራ ኦክስ ገመድ መቅዳት ግን አትሞክሪ። ስልኩ ያንን ገመድ ማይክ ብሎ አይቀበለውም፣ የራሱን ማይክ ከፍቶ ዝናቡን ይቀዳልሻል።

አሁን ኪቦርዱን ገልብጠሽ ከታች የተለጠፈውን ወረቀት እዪ። ፒኤስአር ብሎ የሚጀምረውን የሞዴል ቁጥር ጻፊልኝ፤ የትኛውን አዝራር እንደምትጫኚ በትክክል እነግርሻለሁ። ቁጥሩን እስክትልኪልኝ ድረስ አራቱን ሚዲ ሌላ ፍላሽ ላይም ገልብጪያቸው፣ እህትሽም እልልታውን ክንዷን ዘርግታ ትለማመድ።